እጄ ከትከሻዬ በላይ አልወጣ አለኝ

የጠያቂያችን ደብዳቤ

«ጤና ይስጥልኝ። የ44 ዓመት ሴት ነኝ፤ የአንደኛ ደረጃ መምህርት። አምና የጡት ካንሰር ተገኘብኝ። መጀመሪያ ኬሞ ወሰድኩ። በጥር ወር ቀኝ ጡቴ ከብብቴ ዕጢዎች ጋር ወጣ። ከዚያ ጨረር ተከተለ። በሚያዝያ ሐኪሜ ‹ጨርሰሻል፣ ከእንግዲህ ክትትል ብቻ ነው› አለኝ። ቤተሰቡ ሁሉ እልል አለ። እኔ ግን የዳንኩ አይመስለኝም።

ቀኝ እጄ ከትከሻዬ በላይ አይወጣም። ግንቦት ላይ ሁለት ሳምንት ላስተምር ሞክሬ ነበር። ሰሌዳው ላይ መጻፍ የቻልኩት ከግማሽ በታች ነው። ኋላ የተቀመጡት ልጆች እየተነሱ ‹ቲቸር፣ አይታየንም› ይሉኛል። ጣቶቼ ስለደነዘዙ ጠመኔው ከእጄ ይወድቃል። ሲመሽ ክንዴ ይከብደኛል፤ የሹራቤ እጅጌ ይጠብበኛል።

እናቴ ከደብረ ማርቆስ መጥታ እያስታመመችኝ ነው። ጆግ እንኳ አታስነሳኝም። ‹አታንቀሳቅሺው፣ የተኛውን በሽታ ትቀሰቅሺዋለሽ› ትለኛለች። ሰሞኑን ደግሞ ‹ወጌሻ ይሽሽ፣ ወይባ ሙቂ› ማለት ጀምራለች። ቨርጂኒያ ያለችው እህቴ ክንድ የሚያጠብቅ እጅጌ ልካልኝ ነበር። ሳደርገው ቀይ መስመር እየሠራ ሲያስጨንቀኝ ተውኩት።

ሐኪሜ ወደ ፊዚዮቴራፒ ክፍል የሚልክ ወረቀት ጽፎልኛል። ሁለት ወር ሙሉ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፊዚዮቴራፒ አጥንቱ ለተሰበረ፣ በስትሮክ ለወደቀ ሰው ይመስለኝ ነበር። ደግሞ እውነቱን ልንገርዎት፣ አፍሬ ነው። ባለሙያው ወንድ ቢሆንስ? ጠባሳውን እኔ ራሴ እንኳ በደንብ አላየሁትም። መስከረም ደረሰ። ምን ላድርግ?»

መምህርቷ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ዓይኔ የቀረው «እኔ ግን የዳንኩ አይመስለኝም» ያልሽው ላይ ነው። ሰው ሁሉ እልል ሲል ዝም ማለትሽ ምስጋና ቢስ አያሰኝሽም። ሐኪምሽ «ጨርሰሻል» ያለሽ ካንሰሩን የማጥፋቱን ሕክምና ነው። እጅሽን፣ ትከሻሽን፣ ጉልበትሽን የመመለሱ ሕክምና ገና አልተጀመረም። እሱ የታዘዘው መሳቢያሽ ውስጥ ባለው ወረቀት ነው። ያ ወረቀት እንደ ኬሞው፣ እንደ ጨረሩ የሕክምናሽ አንድ ክፍል ነው። ትርፍ ነገር አድርገሽ አትዪው።

መጀመሪያ ግን ስለ እናትሽ ላንሳ። ከአገሯ ድረስ መጥታ ጆጉን ከእጅሽ የምትቀማሽ እናት ስላለሽ ደስ ብሎኛል። ጥር ላይ ልክ ነበረች። ስፌቱ ገና ሳይደርቅ ክንድሽ ከከባድ ነገር ማረፍ ነበረበት። አሁን ግን ሰባት ወር አልፏል። ቁስሉ ሲድን ሥጋው ይኮማተራል። ጨረር ያረፈበት ቦታ ደግሞ ሕክምናው ካለቀ በኋላም ለወራት እየጠነከረ ሊሄድ ይችላል። እጅሽ ሳይንቀሳቀስ በቆየ ቁጥር ትከሻሽ ይደርቃል። ሲደርቅ ያምሻል። ሲያምሽ ደግሞ ይበልጥ ትሰበስቢዋለሽ። ጥር ላይ መድኃኒት የነበረው ዕረፍት አሁን እጅሽን እያሰረው ነው።

የማታው ክብደትስ? ሰውነታችን ውስጥ ከደም ሥር ሌላ ሊምፍ የሚባል ፈሳሽ የሚያመላልሱ ቀጫጭን መስመሮች አሉ። የክንድ ፈሳሽ ወደ ደም የሚመለሰው በብብት ውስጥ ባሉ የሊምፍ ዕጢዎች በኩል አልፎ ነው። ያንቺ ዕጢዎች ወጥተዋል። በክረምት የሰፈር ቦይ ሲደፈን ውኃው ምን እንደሚሆን አይተሻል። መጀመሪያ ወደ ኋላ ይተኛል፤ ከዚያ ቀስ እያለ በጎን መውጫ ይፈልጋል። ክንድሽም ላይ እየሆነ ያለው ይኸው ሊሆን ይችላል። ሐኪሞች ሊምፌዴማ ይሉታል። የብብት ዕጢያቸው ከተጠረገላቸው ሴቶች ከአምስቱ አንዷን ገደማ ያጋጥማታል። ደምን የሚገፋው ልብ ነው። ይህን ፈሳሽ ግን በደንብ የሚያግዘው የጡንቻ መጨመቅ ነው። እጅሽ ዝም ብሎ ሲውል ፈሳሹም ባለበት ይውላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ። ማታ ማታ የሚመጣውን እብጠት መጀመሪያ ሐኪምሽ ይየው። ላስፈራሽ ብዬ አይደለም። እብጠት ከሊምፍ ሌላ ከኢንፌክሽን፣ ከደም መርጋት፣ አንዳንዴም ከበሽታው መመለስ ሊመጣ ይችላል። ይህን ለይቶ የሚነግርሽ መርማሪ ሐኪም ነው። እሱ «ቀጥዪ» ካለሽ በኋላ በልበ ሙሉነት ትንቀሳቀሻለሽ።

«የተኛውን በሽታ ትቀሰቅሺዋለሽ» ለሚለው የእናትሽ ፍርሃት ደግሞ መልሱ አጭር ነው። እጅ በማንቀሳቀስ ካንሰር አይሰራጭም። ይህን ለእናትሽ ንገሪያት። ፍርሃቷን አትናቂባት። ብዙም ሳይርቅ ሐኪሞችም ራሳቸው «ከባድ አታንሺ፣ ክንድሽን አታድክሚ» ይሉ ነበር። በፈረንጆቹ 1996 ካናዳ፣ ቫንኩቨር ውስጥ ዶን ማኬንዚ የሚባል የስፖርት ሐኪም ይህን ምክር ተጠራጠረ። የጡት ካንሰር ታክመው የነበሩ 24 ሴቶችን ሰብስቦ ድራጎን ቦት የሚባለውን ረጅም ጀልባ እንዲቀዝፉ አሠለጠናቸው። መቅዘፍ ማለት ክንድና ትከሻን ደጋግሞ በኃይል መሳብ ነው። አንዷም ላይ አዲስ እብጠት አልመጣም። የነበረባቸውም አልባሰባቸውም። ዛሬ በብዙ አገር ከጡት ካንሰር የተረፉ ሴቶች በቡድን ይቀዝፋሉ።

በፈረንጆቹ 2009 ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ክንዳቸው ያበጠ 141 ሴቶች ላይ የተሠራ ጥናት ወጣ። ግማሾቹ በአሠልጣኝ እየታገዙ፣ ከትንሽ ጀምረው ቀስ በቀስ እየጨመሩ ለአንድ ዓመት ክብደት አነሱ። እብጠታቸው ክብደት ካላነሱት የበለጠ አልጨመረም። እንዲያውም የሊምፌዴማው ሕመም የተባባሰባቸው 14 በመቶ ብቻ ነበሩ። ክብደት ካላነሱት ግን 29 በመቶው ላይ ተባባሰ። ይህን የምነግርሽ ነገ ጠዋት ጀሪካን እንድታነሺ አይደለም። «ከትንሽ ጀምረው» እና «በአሠልጣኝ» ያልኩትን ያዥልኝ።

ወደ ራሴ ቤት ልመለስ። ታላቅ እህቴ እንዳንቺ ታክማለች። መጀመሪያ የሄድንበት የፊዚዮቴራፒ ክፍል የተቀበለን ሰው ክንዷን ነካ ነካ አደረገና «ሕመሙ ሲተውሽ ተመለሺ» አላት። ወር ጠበቅን። ሕመሙ አልተወም፣ ክንዷም ባሰበት። ሁለተኛው ቦታ ያገኘናት ልጅ ግን ወንበር ስባ ከፊቷ ተቀመጠች። መጀመሪያ የጠየቀቻት ሕመሟን አልነበረም። «እትዬ፣ ምን መሥራት ናፈቀዎት?» አለቻት። እህቴ ትንሽ ዝም አለችና «ፀጉሬን ራሴ መጎንጎን» አለች። ልጅቷ ይህን ካርዱ ላይ ጻፈችው። ከዚያ የልብስ ሰፊ ሜትር አውጥታ ሁለቱንም ክንዶች ለካች። እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ጎን ስትከፍት፣ ከብብቷ እስከ ክርኗ ከቆዳዋ ሥር እንደ ክራር ጅማት የተወጠረ ነገር ብቅ አለ። እህቴ ደነገጠች። ልጅቷ «ይኼ ከኦፕራሲዮን በኋላ ብዙ ሴት ላይ ይታያል፤ በሥራ ይለቃል» አለቻት። ለቀቀም። ዛሬ እህቴ ፀጉሯን ራሷ ትጎነጉናለች።

አንቺንስ ምን ናፈቀሽ? እኔ ከደብዳቤሽ የገመትኩት የሰሌዳውን ላይኛ መስመር ነው። ገምቼ እንዳልሳሳት ግን አንቺው አስቢበት። መጀመሪያ ቀን ስትሄጂ ያንን ንገሪያቸው። «እጄን ያመኛል» ከማለት «ከኋላ ላለው ልጅ እንዲታይ መጻፍ እፈልጋለሁ» ማለት ባለሙያውን ይበልጥ ይረዳዋል። ሥራውን ከምን እንደሚጀምር ያውቃል።

ስትደውዪ ወይም በአካል ስትሄጂ አንድ ጥያቄ አስቀድሚ። «ጡቷ ኦፕራሲዮን የተደረገች፣ ክንዷ ያበጠ ሴት አክማችሁ ታውቃላችሁ?» በዪ። አገራችን ውስጥ አብዛኛው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ቀኑን የሚውለው ከስብራት፣ ከወገብ ሕመምና ከስትሮክ ጋር ነው። መጠየቅሽ ድፍረት አይባልም። ባለሙያዎቹ ደግሞ እንደሚወራው አሻሾች ብቻ አይደሉም። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ለምሳሌ ፊዚዮቴራፒን በዲግሪ ያስተምራል። ወጪው ካሳሰበሽ ከመንግሥት ሆስፒታል ጀምሪ። መመላለስ ከከበደሽም ዝም ብለሽ አትቅሪ። «በቤቴ የምሠራውን አሳዩኝ፣ በሁለት ሳምንት አንዴ እየመጣሁ ታዩኛላችሁ» ብለሽ ተነጋገሪ። እንቅስቃሴውን ሲያሳዩሽ በስልክሽ ቅረጪው።

አሁን ወደ ከበደሽ ነገር እንምጣ። ወደ ኀፍረቱ። ሴት ባለሙያ እንድትሰጥሽ መጠየቅ መብትሽ ነው። ሴት ከሌለች እናትሽ ወይም አንዲት ነርስ አጠገብሽ እንድትቆም መጠየቅ ትችያለሽ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሸሚዝ ልበሺ። ነጠላሽን ይዘሽ ግቢ። የሚታየው የሚሠራበት ቦታ ብቻ ይሁን፤ ሌላው ይሸፈን። «ዛሬ ጠባሳውን አላሳይም፣ ከክንዴ እንጀምር» ብትዪም ሰሚ ታገኛለሽ።

ግን ቀስ ብዬ ልጠይቅሽ። ጠባሳውን ያላየሽው እንዳይታይሽ ፈልገሽ ነው ወይስ ጊዜው ሳይመጣ ቀርቶ? ሁለቱም ያለ ነው። መልሱን ለእኔ መስጠት የለብሽም። የእህቴን ልንገርሽ። እሷ በመስታወት ማየት አልቻለችም። በእጇ ጀመረች። ገላዋን ስትታጠብ ዓይኗን ጨፍና መዳፏን ቦታው ላይ አሳረፈች፤ በቃ፣ ያን ቀን ይኸው ነበር። ሳምንታት ወሰደባት። ይህን ያነሳሁት ለትከሻሽም ስለሚጠቅም ነው። ጠባሳው ከሥሩ ካለው ሥጋ ጋር ተጣብቆ ከሆነ እጅሽን ወደ ታች ይጎትተዋል። ባለሙያዋ በጣት ጫፍ በቀስታ እንዴት እንደምታላውሺው ታሳይሻለች። አንድ ቀን ራስሽ ትነኪዋለሽ። ቀኑን የምትመርጪው አንቺ ነሽ። እንባሽ ከመጣም ይምጣ። ከሆነው ሁሉ ጋር ሲተያይ ትንሽ ነው።

ወጌሻውን በተመለከተ ጠንከር ልበል። ወጌሻ አልንቅም፤ እጃቸው የተባረከ አሉ። ያበጠ ክንድን ግን ጠንክሮ ማሸት ቆዳውን ሊያቆስለው፣ እብጠቱንም ሊያብሰው ይችላል። ለሊምፍ የሚደረገው ማሸት እጅግ ቀላል ነው። ሕፃን ልጅ ፊት ላይ ቅባት እንደ መቀባት በይው። ፈሳሹን ወደየት እንደሚመሩት መማርም ይጠይቃል። ስለዚህ ወጌሻው ይቅር። ወይባውም ይቅር። ብርቱ ሙቀት ወደ ክንድሽ ብዙ ደም ይጠራል፣ እብጠቱን ያብሰዋል። ጨረር የነካው ቆዳ ደግሞ በቀላሉ ይቃጠላል። ለእናትሽ «ወይባው ለሌላ ጊዜ ይቆይልኝ» በያት።

ከቨርጂኒያ የመጣውን እጅጌ ግን አትጣዪው፤ ይዘሽው ሂጂ። እንዲህ ያለ እጅጌ የሚገዛው ክንድ በሴንቲሜትር ተለክቶ ነው። ያላንቺ ልክ ከሆነ አንዱን ቦታ አንቆ ፈሳሹን ከሥሩ ያጠራቅማል። ቀዩ መስመር የነገረሽ ይኸንኑ ነው። ማውለቅሽ ትክክል ነበር። ባለሙያው ከለካሽ በኋላ ቁጥሩን ለእህትሽ ላኪላትና በልክሽ ትግዛ። ካበጠ ገና መጀመሪያ በፋሻ ማሰር ሊያስፈልግ ይችላል፤ እሱንም እነሱ ይወስናሉ።

ቀጠሮሽ እስኪደርስ፣ ሐኪምሽ ከፈቀደ፣ ከነዚህ መጀመር ትችያለሽ። አልጋ ላይ በጀርባሽ ተጋደሚ። የመጥረጊያ እንጨት በሁለት እጅሽ ያዢና ጤነኛው እጅሽ እየመራ ቀስ ብለሽ ወደ ራስሽ በላይ ውሰጂው። የመሳብ ስሜት ይኖራል፤ እሱ ደህና ነው። የሚወጋ ሕመም ከመጣ ግን እዚያው ቁሚ። በማግስቱም ሲያምሽ ከዋለ አብዝተሻልና ቀንሺ። ሲመሽ ደግሞ ክንድሽን በትራስ ላይ ከፍ አድርገሽ ጣቶችሽን መጨበጥና መዘርጋት። አሥር፣ አሥራ አምስት ጊዜ። ትንፋሽሽን አትያዢ።

መራመድም አለ። ኬሞና ጨረር የሚያመጡት ድካም በመተኛት ብቻ አይለቅም። እንዲያውም ቀለል ያለ እንቅስቃሴ ድካሙን እንደሚቀንሰው በደንብ ታውቋል። አሥር ደቂቃ ይበቃል። ዝናቡ ጋብ ሲል እስከ ሱቁ ደርሰሽ ተመለሺ። በሚቀጥለው ሳምንት ትንሽ ጨምሪበት።

የጣቶችሽ መደንዘዝ ከኬሞው የቀረ ሊሆን ይችላል። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች የጣት ነርቭን ይጎዳሉ። ይህንንም ለባለሙያዎቹ ንገሪ፤ ጣቶችን የሚያለማምዱባቸው ሥራዎች አሏቸው። እግርሽም ከደነዘዘ አትደብቂ፤ ለመውደቅ ያጋልጣል። እስከዚያ ማዕድ ቤት ውስጥ ጠንቀቅ በዪ። የደነዘዘ ጣት የጀበናውን ግለት ቶሎ አይነግርሽም። ቀኝ እጅሽ ላይ የሚደርስ ቃጠሎም ሆነ የሽንኩርት ቢላ ጭረት እንደ ድሮው ቀላል አይደለም። ወዲያው በሳሙና ታጠቢው፣ ሸፍኚው። ልብስና ዕቃ ስታጥቢ ጓንት አድርጊ። ደም ሲቀዳና ግፊት ስትለኪ ግራሽን ስጪ። ክንድሽ በድንገት ካበጠ፣ ከቀላ፣ ከጋለ ወይም ትኩሳት ከያዘሽ ግን ቀጠሮ አትጠብቂ። በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ሂጂ። ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ አዲስ የአጥንት ሕመም ካለም እንደዚያው፤ ልምምዱን አቁመሽ ለሐኪምሽ አሳውቂ።

መስከረምስ? በጥቂት ሳምንት ክንድሽ እንደ ድሮው ይሆናል ብዬ አልዋሽሽም። ግን ክፍል ለመግባት እጅሽ ሙሉ በሙሉ እስኪወጣ መጠበቅ ያለብሽ አይመስለኝም። ርዕሰ መምህሩን አሁኑኑ፣ ትምህርት ሳይከፈት አነጋግሪ። የሐኪም ወረቀትሽን ይዘሽ የክፍለ ጊዜ ቅነሳ ጠይቂ። ሰሌዳው ላይ በየተራ ተማሪ እየጠራሽ አጽፊ፤ ልጆች ይወዱታል። የቤት ሥራውን አስቀድመሽ በትልቅ ወረቀት ጽፈሽ ስቀዪው። ደብተር ተሸክመሽ ወደ ቤት አትሂጂ። ይህን ሁሉ ሳይነገራቸው ከልባቸው የሚያደርጉልሽ ባልደረቦች ይኖሩሻል። ያልገባቸውን ግን አንቺ ንገሪያቸው።

እናትሽን ወደ ፊዚዮቴራፒው ይዘሻት ሂጂ። ይህ ከሁሉም በላይ የምለምንሽ ነው። አንቺ «ሐኪሙ ፈቅዶልኛል» ብትያት ልታዝንልሽ እንጂ ልትሰማሽ አትችልም። ባለሙያዋ ፊቷ ላይ «እማማ፣ ጆጉን ታንሳ፤ ጀሪካኑን ግን ይከልክሏት» ስትላት ያን ጊዜ ታርፋለች። ሥራም ስጪያት። በሳምንት አንድ ቀን፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ የሁለቱን ክንዶችሽን ልክ በሜትር ትያዝልሽ። አንጓው ላይ፣ ከክርን በታችና በላይ፣ ሁሌም እዚያው ቦታ። ቁጥሩን ደብተር ላይ አስፍሩ። ቀኝሽ ከግራሽ 2 ሴንቲሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከበለጠ ይዛችሁት ሂዱ። እስካሁን እጅሽን ከማንቀሳቀስ የከለከለችሽ እናት ልኩን የምትከታተልልሽ ትሆናለች።

ወረቀቱን ዛሬ ማታ ከመሳቢያው አውጪው። ሁለት ወር ስላለፈው አልቀበልም ካሉሽ ወደ ጻፈልሽ ክፍል ተመልሰሽ አሳድሺው፤ ማንም አይቆጣሽም። ከዚያ ከቤትሽ አንዱን ግድግዳ ምረጪ። ፊት ለፊቱ ቁሚና የቀኝ እጅሽን ጣቶች እንደ ጉንዳን እያራመድሽ ወደ ላይ ውጪ። የቆሙበት ቦታ ላይ እናትሽ በጠመኔሽ መስመር ታስምር፣ ቀኑንም ትጻፍበት። በሳምንቱ ድገሚው። ከመጀመሪያው መስመር ስንት ጣት እንደወጣሽ ጻፊልኝ፤ እጠብቃለሁ።